ፍሪጁን ያስጾምኩበት ቅበላ

የስደቱን ነገር የሚያወራ ሰው ሁሉ ከቤቱ የሚወጣው በሌሊት ነው። እኔ ግን የወጣሁት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐይ ዳባትን ካሞቀች በኋላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ቆሞ እያየኝ። ምን መደበቅ ያስፈልጋል? ሴት ልጅ ዐረብ አገር ልትሄድ ስትነሣ የሚከለክላት የለም፣ ሻንጣዋን ተሸክሞ የሚሸኛት ነው የሚበዛው። እናቴ ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ ቋጥራልኝ ነበር። ቋጠሮውን አሥሬ እየፈታች መልሳ ታስራለች። "ይኼ እንኳ አይበላሽብሽም፤ መንፈቅ ቢቀመጥ ያው ነው" አለችኝ። እኔ ደብሬ፣ የቄስ ልጅ፣ አባቴን ከቀበርኩ ሁለት ዓመት የሆነኝ፣ ሃያ አራት ዓመቴን ይዤ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። መንፈቅ የሚቆይ ስንቅ ይዤ ስድስተኛ ዓመቴን ልይዝ ነው።

ስለ ፍሪጅ ልንገራችሁ ብዬ ነው የተነሣሁት። አትሳቁ። እናንተ ጎንደር ሆናችሁ በየሳምንቱ የምትደውሉልኝ ልጆች፣ "ደብርዬ፣ እዚያ ምኑ ነው የሚከብደው?" እያላችሁ የምትጠይቁኝ፣ የምትፈሩት ማዳሟን፣ ሕፃናቱን፣ የመስኮት መጥረጉን ነው። እኔን የበላኝ ግን የፍሪጅ መሳቢያ ነው።

ዳባት ላይ ፍሪጅ ምን ይሠራል? አገሩ ራሱ ብርድ ነው። ጎመን የሚቀመጠው ጓሮ ነው፤ ውኃው ሲፈላ ወጣ ብለሽ ትቀነጥቢያለሽ። ነጭ ሽንኩርት ጎንጉነሽ ጭስ ካለበት ትሰቅያለሽ። ድንች አፈሩ ውስጥ ይቆያል። ሥጋ የሚኖረው በበዓል ነው፤ በዕለቱ ያልተበላው ተዘልዝሎ ገመድ ላይ ይወጣል። የሚበላሽ ነገር ይዞ የሚያድር ሰው የለም፤ የሚበላሽ ነገር ከተረፈ ጎረቤት ለምን ተፈጠረ? እዚህ ግን ሰው የሚበላውን ሁሉ ገዝቶ ይቆልፍበትና እንዳይሞትበት ሲጨነቅ ይኖራል።

ለነገሩ ሳልማር አልመጣሁም። ጎንደር አራዳ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ደላላው ሦስት ቀን "የቤት አያያዝ ሥልጠና" ሰጥቶናል። ክፍሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመዱ የተቆረጠ አሮጌ ፍሪጅ ቆሟል። ደላላው በእስክሪብቶው እየነካካ "ይኼ የአትክልት መሳቢያ፤ ይኼ የፍራፍሬ፤ ይኼ የሥጋ" ይለናል። የአትክልቱን ስቦ ሲከፍተው የእኛው ፓስፖርት ተደርድሮበታል። የፍራፍሬው ውስጥ ጉርድ ፎቷችን አለ። የሥጋው ውስጥ ማኅተሙና ከቁርሱ የተረፈ ግማሽ ዳቦ።

"ጋሼ፣ አትክልቱ ራሱ እንዴት ነው የሚቀመጠው?" ብዬ ጠየቅሁ።

"እንደ ፓስፖርትሽ" አለኝ። "አስገቢና ዝጊ።"

ሳቅን። ያን ጊዜ ገና ሳቅ ነበረን።

ቤሩት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አንዲት ክፍል አለች። ከአውሮፕላን የወረድን ሴቶች እዚያ ተቀምጠን ወሳጅ እንጠብቃለን። ፖሊሱ ፓስፖርታችንን ታቅፎ በየተራ ይጠራናል። ቀድማ የመጣች አንዲት የወሎ ልጅ ታስተረጉምልናለች።

"ማዳምሽ ማን ናት?" አለኝ።

"አላውቃትም።"

"የማታውቂያት ሰው ቤት ልትኖሪ ነው የመጣሽው?"

"እሷስ የት ታውቀኛለች?" አልኩ። የወሎዋ ልጅ ይኼን አላስተረጎመችልኝም፤ ክርኗን ጎኔ ላይ አሳርፋ ዝም አስባለችኝ። አራት ሰዓት ከጠበቅሁ በኋላ ሽቶ የምትሸት ቀጭን ሴት መጣችና ፈርማ ወሰደችኝ። ያቺ ማዳም ናት። አንቱ አልላትም፤ ዐረብኛውም አያስገድደኝም።

ቤቱ ውስጥ ማዳም፣ ባሏና እናቷ አሉ። እናቷን "ተታ" እንላቸዋለን፤ አያት ማለት ነው። ባልየው ዱባይ ስለሚሠራ በዓመት ሁለቴ ብቅ ይላል። የእኔ ዋና ሥራ ተታን መጠበቅ ነው። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ቀልድ የሚወዱ፣ ለመብል የማይሰንፉ አሮጊት ናቸው። ስሜን ትክክል አድርገው የጠሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ማዳም ገና በር ላይ "ሊና" ብላኛለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ማዳም ፍሪጁ ፊት አቁማ አስተማረችኝ። ባራድ ይሉታል እነሱ። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ታች ጎን ለጎን ሁለት ትልልቅ መሳቢያዎች አሉ፤ ከነሱ በላይ አንድ ቀጭን መሳቢያ። ትልልቆቹ ላይ እንደ ትንሽ መስኮት የምትከፈትና የምትዘጋ ነገር አለች። ግራው ሁልጊዜ ይዘጋል፤ ርጥበቱ እንዳይወጣ፣ ሰላጣና ጥብስ ቅጠል የመሰለ ቅጠላ ቅጠል ሁሉ እዚያ ይገባል። ቀኙ ይከፈታል፤ ፖም፣ ወይን፣ እንኮይ የመሰለ ፍራፍሬ እዚያ። ፖምና ሰላጣ አብረው አያድሩም፤ ፖም ትንፋሽ አለው፣ ቅጠሉን ያጠወልገዋል። ቅጠል ታጥቦ አይገባም፤ ከታጠበም በጨርቅ ደርቆ፣ ከሥሩ ወረቀት ተነጥፎለት ነው። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ድንች ፍሪጅ አይገቡም። ቀጭኑ መሳቢያ ከሁሉ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ እሱ የሥጋ ነው። ይኼን ልብ በሉ፣ የምትመጡ ልጆች። ደላላው አይነግራችሁም።

ማዳም ማታ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መሳቢያዎቹን ስባ ታያለች። ቅጠል ጠውልጎ ካገኘች በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ታመጣልኛለች። "ሊና፣ ይኼ ምንድን ነው?" "ጥብስ ቅጠል ነው ማዳም።" "አይደለም፤ ጥብስ ቅጠል ነበር።" እንዲህ ነው የምንነጋገረው። ለአንዲት ዘለላ ቅጠል የምታዝነውን ያህል ለእኔ ትኩሳት አዝና አታውቅም።

ያም ሆኖ ተማርኩት። በዓመቴ የመሳቢያውን ነገር ተክኜ ሰላጣ አሥር ቀን ማቆየት ቻልኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ልጆቹ ይጠይቁኛል፤ እነግራቸዋለሁ። አባቴ ለቆሎ ተማሪዎቹ ዜማ እንዳስጠናው እኔ የሰላጣ አያያዝ አስጠናለሁ።

በሦስተኛው ዓመት እናቴ "ልጄ፣ ጭጋግ ያዘኝ" አለችኝ በስልክ። ዳባት ላይ ጭጋግ ብርቅ አይደለምና "በስንት ሰዓት ይገፋል?" አልኳት። "አይገፋም" አለች። ታላቅ ወንድሜ አያ ታከለ ጎንደር ወስዶ አስመረመራት። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ምናልባት ዓመት ቢቆይ ነው ብለውታል። እናቴ ግን አላለቀሰችም። "እኔ ምን ቸገረኝ፣ ቤቴን በዳበሳ አውቀዋለሁ። አንቺን ግን ሳላይሽ እንዳይጨልምብኝ ነው። ነይና አንድ ጊዜ ልይሽ" አለች።

ማዳምን ለመንኳት። ወር ከምናምን ለመንኳት። ተታም አገዙኝ፤ "ልጅ እናቷን ትይ እንጂ" እያሉ ምሳ ላይ ነዘነዟት። በመጨረሻ እሺ አለች። ለእኛ ፋሲካ፣ ከሆሳዕና በኋላ፣ አንድ ወር። ትኬቱንም ቆረጠች። እኔም ተንበርክኬ ተሳልኩ። ይኼን ሁዳዴ አንዲት የፍስክ ነቁጥ ሳትነካው እጾማለሁ፣ እስክደርስ ድረስ የእናቴን ዓይን ጠብቅልኝ አልኩ። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ጾሜን አልፈታሁም፤ ግን የጾም ምስሬ የእነሱ አይብ አጠገብ ሲያድር አይቼ እንዳላየ አልፌያለሁ። አንድ ዓመት በረንዳ ላይ ባስቀምጠው ማዳም "ጎረቤት ምን ይለናል?" ብላ አስነሣችኝ። የስለት ጾም ግን እንዲህ አይሆንም።

የእናቴን ቤት የምታውቁ ታውቃላችሁ። የጾም ድስት ሌላ ነው፣ የፍስክ ድስት ሌላ። የቅበላ ዕለት ማታ የፍስኩ ዕቃ ሁሉ በአመድና በፈላ ውኃ ታሽቶ፣ ተደፍቶ፣ ከጾሙ በታች ይቀመጣል፤ የፍስክ ነገር ከጾም በላይ አይውልም፣ እንዳይንጠባጠብበት። እስከ ፋሲካ አይነካም።

እኔም ያን ቅበላ እሑድ ማታ የማዳምን ፍሪጅ ባዶ አደረግሁት። እሷ ለእራት ወጥታለች። ሥጋውን፣ ወተቱን፣ አይቡን፣ እንቁላሉን፣ ሁሉን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ኮለኮልኩ። መሳቢያዎቹን ነቅዬ አጠብኩ። አመድ ባላገኝ በጨው አሸሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ እንደ እናቴ ደረደርኩት። የፍስኩን ሁሉ ሁለቱ የታች መሳቢያዎች ውስጥ ጠቅጥቄ ዘጋሁባቸው። አትክልቱንና የእኔን ምስር ከላይ፣ ቅጠሉን ደግሞ በቀጭኑ መሳቢያ። በሩን ዘግቼ ሳማትብ እናቴ ጓዳ የገባሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰዓት ከቆየው ውስጥ የተታ ሥጋ ነበረበት። እነሱም እንደ እኛ ጥሬ ይበላሉ፤ ፈጭተውና ከስንዴ ክክ ጋር ለውሰው ነው፣ ክቤ ይሉታል። የእኛ በሬ ጠዋት ታርዶ እኩለ ቀን ላይ ያልቃል፤ የእነሱ ግን ሥጋ ቤቱ ሰኞ ስለሚዘጋ እሑድ ተገዝቶ ያድራል። ማዳም ጠዋት ስትሰጠኝ "ቀጭኑ ውስጥ፣ እዚያ ብቻ" ብላኝ ነበር። ረስቼው አይደለም። ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል ብዬ ነው።

ሰኞ ምሳ ላይ ማዳም ሥራ ናት። ተታ "ደብሬ፣ ክቤዬን አምጪልኝ" አሉ። አወጣሁት። እናቴ ሥጋ ሳታሸት ድስት አታስገባም፤ እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነው። ያን ቀን ግን የሁዳዴ የመጀመሪያ ቀን ነው፣ ያውም የስለት። የፍስክ ሽታ እንኳ አፍንጫዬ እንዳይገባ ትንፋሼን ይዤ፣ ፊቴን አዙሬ ለወስኩት። የወይራ ዘይት አፈሰስኩበት፣ አሳምሬ አቀረብኩ። ተታ ጥርግ አድርገው በሉ። "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ።

ማታ አስመለሳቸው። ሲነጋ ዓይናቸው ዞሮ ሐኪም ቤት ገቡ፤ አምስት ቀን ተኙ። ሐኪሙ "ምን በልተው ነው?" ሲል ማዳም ቤት ተመልሳ ፍሪጁን ከፈተችው። የአትክልቱ መሳቢያ ውስጥ ሥጋ። የሥጋው መሳቢያ ውስጥ ቅጠል፣ በረዶ መትቶት ጠቁሮ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ጾም ገብቷል፣ ማዳም።"

"እኔ ክርስቲያን አይደለሁም? እኔ አልጾምም? ቸኮሌት ከተውኩ ስንት ጊዜዬ ነው!"

ይኼን ስትለኝ ሳቄ መጣ። አልሳቅሁም፤ ግን ፊቴ ላይ አይታው መሰለኝ፣ በማግስቱ ቤሩት ላለው አስቀጣሪ ቢሮ አስረከበችኝ። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ሰውዬ ከረሜላ እየመጠጠ ነው የሚያናግረኝ።

"አሮጊቷን ልትገድያት ፈልገሽ ነው?"

"በፍጹም። እወዳቸዋለሁ።"

"ታዲያ ሥጋውን ከቦታው ለምን አነሣሽው?"

"ቅበላ ስለሆነ። የጾምና የፍስክ ዕቃ አይነካካም።"

"የምትጾሚው አንቺ ነሽ ወይስ ፍሪጁ?"

"በእኛ ቤት ዕቃም ይጾማል" አልኩት።

ከረሜላውን ከአፉ አውጥቶ አየኝ። "ሃያ ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ" አለ፤ "ሌባ አይቻለሁ፣ የምትጠፋ አይቻለሁ፣ ፍሪጅ የምታስጾም አላየሁም።" ከዚያ ስልክ አንሥቶ ለማዳም ደወለ። እሱ ደጋግሞ ሳቀ፣ እሷ ግን ስትስቅ አልሰማሁም። ስልኩን ሲዘጋ "ፖሊስ አልፈለገችም፣ አመስግኛት። ትኬቱን ግን መልሳለች" አለኝ።

ወንበሩን ይዤ "እናቴ ልትታወር ነው" አልኩት። ዐረብኛዬ ድሮም ሲከፋኝ ይጠፋብኛል፤ ሦስት ጊዜ ነው የተናገርኩት። ሰውዬው ትከሻውን ሰበቀና ወደ ማዳም ቤት መለሰኝ። ቤት ስገባ ማዳም ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። "አንቺ አሳመምሻት፣ አንቺ ታስታምሚያታለሽ" አለች። "እናቴ በእግሯ እስክትቆም የትም አትሄጂም።"

ምን ልበላት? ሐሰት ነው ልበል? ሰው ልገድል ነበር። ያውም የሚወዱኝን ሰው። ሌሎቹ ልጆች "ምን አጠፋሽ፣ እነሱ ናቸው" እያሉ ያጽናኑኛል፤ እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ የለወስኩትን አውቃለሁ። አንዴ ብተነፍስ ይሸተኝ ነበር። እግዜርንም ተቀየምኩት፣ ይቅር ይበለኝ። ለእናቴ ዓይን ብዬ የጾምኩት ጾም ነው ከእናቴ ዓይን ያስቀረኝ። ይኼን ለንስሐ አባቴ በስልክ ስነግራቸው "በርቺ" አሉ። በርትቻለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ተታ ከሐኪም ቤት ከተመለሱ በኋላ እጄን ይዘው "አንቺ ብትሄጂ ማን ያነሣኝ ነበር?" አሉኝ። ደግ ናቸው። ደግነታቸው የበሩን ቁልፍ ግን አይከፍትም፤ ቁልፉ ማዳም ዘንድ ነው። እግራቸውም እንደ ድሮው አልቆመም፤ ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ ነው።

ለእናቴ እውነቱን አልነገርኳትም። "ወረቀቴ አላለቀም" አልኳት።

"ምነው ልጄ? ለሆሳዕና አላልሽም?"

"ለፍልሰታ ይደርሳል፣ እምዬ።"

"እሺ፣ ፍልሰታም ሸጋ ነው፤ ዝናቡ ግን መንገዱን ያበላሸዋል። ተጠንቅቀሽ ነይ" አለች። ፍልሰታ ደረሰ፣ አለፈ። በፍልሰታ ፍሪጁን አልነካሁትም፤ የጾም ሽሮዬን ከአይባቸው ሥር አስቀምጬ ጾምኩ። ሥጋው በቀጭኑ፣ ቅጠሉ በግራ፣ ፖሙ በቀኝ። ማዳም ስባ አየችና መልሳ ዘጋችው።

የዘመን መለወጫ ዕለት አያ ታከለ በቪዲዮ ደወለልኝ። አዲስ ስልክ ገዝቷል። ከጀርባው አደይ የያዙ ሴት ልጆች ይዘፍናሉ፤ የዳባት ሰማይ ጠርቶ ይታያል። "እንኳን አደረሰሽ! ቆይ፣ እናታችንን ላገናኝሽ፤ ዛሬ ትተያያላችሁ" አለና ስልኩን ሰጣት።

እናቴ ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ፊቷን አይደለም ያየሁት። ጆሮዋን፣ የጆሮዋን ጥቁር ክርና የነጠላዋን ጥለት ነው። አያ ታከለ "ፊት ለፊት ያዥው እንጂ..." ብሎ ጀመረና መሐል ላይ አቆመ። ልጆቹ ይዘፍናሉ።

"እምዬ፣ ታየሁሽ?" አልኩ።

"ምነው አላይሽ?" አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ፏ ብለሻል! ወፈር ብለሻል። ሹሩባውም አምሮብሻል፣ ሸጋ አድርገው ነው የሠሩሽ።"

ጠጉሬን ማዳም "ለንጽሕና" ብላ ከሥሩ ካስቆረጠችው ወር አልሞላውም ነበር። ባዶ ራሴን በእጄ ዳበስኩት።

"ትናንት ነው የተሠራሁት፣ እምዬ" አልኳት። "ለበዓሉ ብዬ።"